የከተማው ውኃና አሮጌው ካርታ

ውድ ተማሪዎች፣ ማለዳ ከመኝታችሁ ተነሥታችሁ ፊታችሁን ለመታጠብ ቧንቧ ስትከፍቱ፣ ውኃው ከየት እንደ መጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ የምናነሣው ውኃው ሲጠፋ ብቻ ነው። ውኃው እስካለ ድረስ የቧንቧው አፍ የነገሩ ሁሉ መጀመሪያ ይመስለናል። በጠፋ ዕለት ግን ጀሪካን ይዘን ከሰፈር ሰፈር ስንንከራተት፣ ፈረቃችን መቼ እንደሆነ እየተጠያየቅን እንውላለን። አባቶቻችን «ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ይላሉ። ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ የፈለገ ሰው ከቧንቧው አፍ ተነሥቶ ወደ ማጣሪያው፣ ከማጣሪያው ወደ ግድቡ፣ ከግድቡም አልፎ ዝናቡ መጀመሪያ ወደሚያርፍበት ማሳና ተረተር መሄድ አለበት። ለዚህ ጉዞ መሪ ያስፈልጋል። በእኔ አስተያየት ከሚታመኑት መሪዎች አንዱ፣ በየመዝገብ ቤቱ አቧራ ለብሶ የተቀመጠው አሮጌ ካርታ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላሳምናችሁ የምፈልገው ሐሳብ አንድ ነው። እርሱም፣ አንድ ከተማ የሚጠጣውን ውኃ የሚያገኝበትን የገጠር ተፋሰስ የቀድሞ ካርታዎች ሰብስቦ ሊጠብቃቸው፣ ሊያጠናቸውና ለሕዝብ ሊያሳያቸው ይገባል የሚል ነው። ይህን ካላደረገ የራሱን ታሪክ ብቻ ሳይሆን የነገ ውኃውንም ያጣል። አስተያየቴን እንዲሁ እንድትቀበሉኝ አልሻም፤ ማስረጃዬን ተመልክታችሁ፣ ተቃራኒውን ሐሳብም መዝናችሁ እንድትፈርዱ እንጂ። ምሳሌ አድርጌ የማቀርብላችሁም የአዲስ አበባን ከተማና ውኃዋን የምታገኝባቸውን የገጠር አካባቢዎች ነው።

በመጀመሪያ ተፋሰስ የሚለውን ቃል እንረዳ። በእንጦጦ ተራራ ጫፍ ላይ ዝናብ ዘነበ እንበል፤ ሁለት ጠብታዎችም ጎን ለጎን ወረዱ። አንደኛው ጠብታ ከተረተሩ በስተሰሜን ቢያርፍ፣ በሱሉልታ ሜዳ አድርጎ ሙገርን ይቀላቀላል፤ ከሙገርም ዓባይ ይገባል፤ ዕድሜ ከሰጠው ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ይዘልቃል። ሁለተኛው ጠብታ ግን ከመጀመሪያው ጥቂት ክንድ ብቻ ርቆ በስተደቡብ ቢያርፍ አቃቂን ይዞ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር ዐቤ ሐይቅ ደርሶ በዚያው ይቀራል። ሁለቱን ጠብታዎች የለያያቸው ቀጭን ተረተር የተፋሰስ ወሰን ይባላል። በወሰኑ ውስጥ የሚወርደውን ዝናብ ሁሉ አሰባስቦ ወደ አንድ ወንዝ የሚልከው መሬትም ተፋሰስ ይባላል። ይህን ወሰን በዐይን ብቻ እያዩ በእግር ለመከተል ብዙ ቀን ይፈጃል፤ በካርታ ላይ ግን የከፍታ መስመሮችን እየተከተለ አንድ ጎበዝ ተማሪ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊያሰምረው ይችላል።

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርዳም አምባ ወደ ፍልውኃው ሜዳ ሲወርዱ፣ ከተማይቱ ገና ከመነሻዋ በውኃ ስም የተጠራች ሠፈር ነበረች። ያን ጊዜ ውኃ ከየምንጩና ከየወንዙ በእንስራ ይቀዳ ነበር። ቆይቶም በዚያው በምኒልክ ዘመን ከእንጦጦ ግርጌ የፈለቀ ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ወረደ። ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ ግን በመጀመሪያ ያነሰው ውኃው አልነበረም፤ እንጨቱ ነበር። የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት በማነሱ ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ከተማይቱን ከመነቀል ካዳኗት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ እንደሆነ በታሪክ ይነገራል። እንግዲህ ከተማ በዙሪያው ባለው ገጠር ትከሻ ላይ እንደሚቆም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ታውቆ ነበር ማለት ነው።

ከእንጨቱ ቀጥሎ የውኃው ተራ ደረሰ። በ1930ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ከከተማው በስተምዕራብ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በትንሹ አቃቂ ወንዝ ላይ የገፈርሳ ግድብ ተሠራ። እርሱም ሳይበቃ ሲቀር በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስተምሥራቅ የለገዳዲ ግድብ ተገነባ። ከለገዳዲ አጠገብ የሚገኘው የድሬ ግድብ ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተጨመረ። ለገዳዲ ከ40 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ፣ ድሬ ደግሞ 19 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ እንዲይዙ ሆነው የተሠሩ ናቸው። በሌላ በኩል በ1976 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የአዲስ አበባ ነዋሪ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ግን ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኘ። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ አፉ እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም፤ ከላይ የሚያፈስለት መሬት ግን አንዲት ጋት እንኳ አልጨመረም።

እስቲ አሁን በሐሳባችሁ የለገዳዲን አካባቢ የሚያሳይ የ1፡50,000 ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። በእንዲህ ዓይነቱ ካርታ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ 500 ሜትር ማለት ነው። ቡናማዎቹ ቀጫጭን መስመሮች ከፍታን ያመለክታሉ፤ ከአንዱ መስመር ወደ ቀጣዩ ስንሻገር 20 ሜትር እንወጣለን ወይም እንወርዳለን። መስመሮቹ ተጠጋግተው ከታዩ መሬቱ ገደላማ ነው፤ ተራርቀው ከታዩ ሜዳ ነው። ሰማያዊዎቹ መስመሮች ወንዞች ናቸው፤ ከእነርሱም ውስጥ የተቆራረጡት በበጋ የሚደርቁትን ጅረቶች ያመለክታሉ። ስሞቹንም አንብቡ። «ለገ» የሚለው ቃል በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው፤ «ዳዲ» ደግሞ ጠጅን ያመለክታል። ስለዚህ የከተማው ሕዝብ ከቧንቧ በቀዳ ቁጥር፣ የአካባቢው ሰዎች የጠጅ ወንዝ የሚል ስም ካወጡለት ስፍራ ይጠጣል ማለት ነው። ስም አውጪዎቹ ውኃቸውን ምን ያህል ይወዱት እንደ ነበር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ይህን የሚነግረን የውኃ ቆጣሪው ደረሰኝ ሳይሆን በካርታ ላይ የተጻፈው የቦታ ስም ነው።

ከላይ በገጠር የሚሆነው ነገር ከታች በከተማ ምን እንደሚያደርስ ልግለጽላችሁ። የለገዳዲና የሰንዳፋ አካባቢ ሜዳ አብዛኛው አፈሩ መረሬ ነው። መረሬ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ደግሞ እንደ ጭቃ ምርጊት ይጣበቃል። ዝናቡም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ተጠራቅሞ ይወርዳል። ማሳው ታርሶ፣ ለስልሶ፣ ጤፍ በሚዘራበት ወቅት መሬቱ ራቁቱን ስለሚሆን ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል። ይህ አፈር እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ቶሎ አይዘቅጥም፤ ውኃው ውስጥ ተንሳፎ ግድቡን ያደፈርሰዋል። ስለዚህ የማጣሪያው ሠራተኞች ደለሉ ተጓጉሎ እንዲወርድ መድኃኒት መጨመር አለባቸው። ድፍርሱ በበዛ መጠን መድኃኒቱም ወጪውም ይበዛል። የዘቀጠውም አፈር ቢሆን ወደ ማሳው አይመለስም፤ ከግድቡ ሥር እየተነባበረ ለውኃ የታሰበውን ቦታ ይይዛል። ገበሬው እርሻውን፣ ከተማውም ውኃውን በአንድ ጎርፍ ያጣሉ።

ይህ ባዶ ማስፈራሪያ እንዳይመስላችሁ አንድ የቅርብ ምሳሌ እጨምራለሁ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ አቃቂ ወንዝ ላይ አባ ሳሙኤል የሚባል ግድብ አለ። በአገራችን የመጀመሪያው በውኃ ኃይል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የተቋቋመው እዚያ ነበር። ይሁን እንጂ ከላይ የሚመጣው ደለል የሐይቁን ብዙ ክፍል ሞላው፤ እንቦጭ የተባለው አረምም ወረረው። ማመንጫው ሥራውን አቁሞ ለዐሥርት ዓመታት ኖረ፤ ታድሶ እንደገና ሥራ የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነው። ማሽን ሲያረጅ ይለወጣል። በደለል የተሞላ ሐይቅ ግን እንደ ማሽን በቀላሉ አይለወጥም፤ ምክንያቱም ለግድብ የሚመች ሸለቆ በየቦታው አይገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። አሮጌው ካርታ በዚህ ጉዳይ ላይ ምን ይጠቅመናል? የመጀመሪያው ጥቅሙ እውነቱን ከወሬ ለይቶ ማሳየቱ ነው። በሃያኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ ከአገራችን መሬት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር፣ ገበሬው ግን ጨፍጭፎ ጨረሰው የሚል አባባል በብዙ መጻሕፍት ውስጥ ሲደጋገም ሰምታችሁ ይሆናል። ጄምስ ማካን የተባሉ የታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጽሑፍ ይህ ቁጥር በልኬት ላይ ያልተመሠረተ፣ ከጸሐፊ ወደ ጸሐፊ እየተቀባበለ የመጣ መሆኑን አሳይተዋል። ሌሎች ተመራማሪዎችም በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በሰሜን ኢትዮጵያ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ይዘው በተነሡበት ቦታ ቆመው፣ ያንኑ ተራራና ያንኑ ሸለቆ ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና አነሡ። ሁለቱን ሲያስተያዩ በትግራይ ብዙ ኮረብታዎች ላይ ዛፉና ቁጥቋጦው ከቀድሞው የተሻለ ሆኖ አገኙት። ይህ ማለት ደን አልተጨፈጨፈም ማለት አይደለም፤ የት፣ መቼና በምን ምክንያት እንደ ጠፋ ወይም እንደ ለማ ማስረጃ ሳይዙ ገበሬውን በጅምላ መክሰስ ስሕተት ነው ማለት እንጂ። የሰው ትዝታ ያለፈውን አንድም ያሳምረዋል፣ አንድም ያከፋዋል። የቀድሞ ካርታና የቀድሞ ፎቶግራፍ ግን በተሠሩበት ቀን የነበረውን ይዘው ይቆያሉ።

ሁለተኛው ጥቅሙ ማስጠንቀቂያነቱ ነው። በአሮጌ ካርታ ላይ ረግረግ ተብሎ የተመለከተ ቦታ ዛሬ ደርቆ ለቤት መሥሪያ የሚመች ሜዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። ቀጭን ሰማያዊ መስመር ሆኖ የተሣለ ጅረትም ዛሬ በአጥርና በግንብ መካከል ጠፍቶ ይሆናል። ረግረግ ግን ለተፋሰስ እንደ ሰፍነግ ነው፤ የክረምቱን ጎርፍ ውጦ አፈሩን ያስቀራል፣ ውኃውንም በበጋ ቀስ እያለ ይለቃል። አዲስ አበባ ወደ ዳር እየሰፋች ሄዳለች፤ በምዕራብ ቡራዩ፣ በምሥራቅ ለገጣፎ፣ ትናንት የገጠር መንደሮች የነበሩት ዛሬ ከተሞች ሆነዋል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ እነዚህና ሌሎች ከተሞች ሸገር በተባለ አንድ የከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። አስተዳደር ወሰን አለው፤ ውኃ ግን የአስተዳደርን ወሰን አያውቅም፤ ቁልቁል መውረድን ብቻ ያውቃል። ስለዚህ ለመንገድ፣ ለፋብሪካ ወይም ለመኖሪያ ቤት መሬት የሚመራ ሰው፣ በእጁ ከያዘው አዲስ ፕላን ጎን አሮጌውን የተፋሰስ ካርታ ሊዘረጋ ይገባዋል።

ሦስተኛው ጥቅሙ የፍትሕ ጉዳይ ነው። ግድብ ሲሠራ ሸለቆ ይሰጥማል። ሸለቆው ደግሞ ባዶ አይደለም፤ ማሳ፣ ግጦሽ፣ ጎጆ፣ የእግር መንገድና የመቃብር ቦታ አለበት። በአሁኑ ካርታ ላይ በዚያ ቦታ የምናየው አንድ ሰማያዊ የሐይቅ ሥዕል ብቻ ነው። ከግድቡ በፊት የተሠራ ካርታ ካለ ግን በውኃው ሥር ምን እንደ ነበረ ይናገራል። ከተማው በአንድ ወቅት ለጥሙ ሲል የሌላውን ሰው ቀዬ እንደ ተቀበለ እንዳይዘነጋ ያደርጋል። ባለውለታውን የሚረሳ ሰው ነውረኛ ይባላል፤ ባለውለታውን የሚረሳ ከተማስ ምን ይባላል?

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካው የኒው ዮርክ ከተማ ውኃውን የሚያገኘው እስከ 200 ኪሎ ሜትር ከሚርቁ የገጠር ተራሮች ነው። ከተማው እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ በካትስኪል ተራሮች ውስጥ አሾካን የተባለውን ትልቅ ግድብ ሲሠራ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች ከሸለቆው ተነሥተዋል፤ ከሁለት ሺህ በላይ የሚሆኑ መቃብሮችም ተቆፍረው ዐፅሙ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። መሐንዲሶቹ መሬቱን ከመውሰዳቸው በፊት የእያንዳንዱን ባለርስት ይዞታ በካርታ አንሥተው ነበር። የሸለቆው ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ለብዙ ዘመን በከተማው ላይ ቂም ይዘው ኖሩ። በመጨረሻ ከተማው ከባድ ምርጫ ገጠመው፤ ውኃውን ለማጣራት በብዙ ቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ማጣሪያ መሥራት፣ ወይም ውኃው ከምንጩ ንጹሕ ሆኖ እንዲመጣ ከገጠሩ ሕዝብ ጋር መስማማት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1997 የከተማው፣ የክፍለ ግዛቱ፣ የፌዴራሉ መንግሥትና የተፋሰሱ መንደሮች ተወካዮች ስምምነት ተፈራረሙ። ከተማው ለገበሬዎች የከብት እዳሪ ማስወገጃ፣ ለወንዝ ዳር አጥርና ለመንደር ፍሳሽ ማጣሪያ የሚሆን ገንዘብ ከፈለ፤ በምላሹም ወደ ዘጠኝ ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ የሚደርሰው ውኃ አብዛኛው እስከ ዛሬ ያለ ትልቁ ማጣሪያ ይጠጣል። ኒው ዮርክ ሀብታም ከተማ ናት፤ እኛ ድሆች ነን ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን እላለሁ፣ ሀብታሙ ከተማ እንኳ ከማጣሪያው ይልቅ የገበሬውን ማሳ መንከባከብ ረክሶ ካገኘው፣ ድሃው ምን ምክንያት ሊሰጥ ይችላል?

በአስተያየቴ የማይስማሙ ሰዎች የሚያቀርቧቸውን መከራከሪያዎች ደግሞ ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። አንዳንዶች፣ «ዛሬ ሳተላይት እያለ ያረጀ ወረቀት ምን ይሠራል?» ይላሉ። ሳተላይት የዛሬውን መሬት ከማንኛውም ካርታ አብልጦ እንደሚያሳይ አልክድም። ነገር ግን የምድርን ገጽ እየደጋገመ የሚያነሣው ላንድሳት የተባለው የመጀመሪያ ሳተላይት ወደ ሰማይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ያን ጊዜ የለገዳዲ ግድብ ተሠርቶ አልቆ ነበር። ከግድቡ በፊት የነበረውን መሬት ለማየት የሚያስችሉን ከዚያ በፊት የተነሡ የአየር ፎቶግራፎችና በእጅ የተሣሉ ካርታዎች ናቸው። ሐኪም የታመመን ሰው ሲመረምር የዛሬውን ትኩሳት ብቻ ለክቶ አይተውም፤ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረና ቀድሞ ምን ታምሞ እንደ ነበር ይጠይቃል። ሳተላይት የዛሬውን ትኩሳት ይለካል፤ አሮጌው ካርታ የሕመሙን ታሪክ ይነግራል።

ሌሎች ደግሞ ካርታ ሁሉ የባለሥልጣን ወይም የወራሪ ሥራ ስለሆነ አይታመንም ይላሉ። በዚህ አባባል ውስጥ ትልቅ እውነት አለ። ለምሳሌ፣ የጣሊያን ጦር እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ባለው ጊዜ አገራችንን ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ ያነሣው ለእኛ አስቦ አይደለም፤ ለወረራና ለአገዛዝ እንዲመቸው ነበር። ከእነዚህ ፎቶግራፎች ውስጥ ወደ 34,000 የሚሆኑት በአገሪቱ የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለብዙ ዘመን ያለ አስታዋሽ ተቀምጠው ከኖሩ በኋላ ተገኝተው ለጥናት ውለዋል። በክፋት የተነሣ ፎቶግራፍ ዛሬ የሸለቆን ታሪክ ለመመርመር ይጠቅማል። በካርታዎች ላይ የተጻፉ የቦታ ስሞችም ቋንቋውን በማያውቁ ሰዎች እየተጣመሙ የተመዘገቡበት ጊዜ አለ። ካርታ መሬቱ የማን እንደ ነበረ፣ ምንጩን ማን እንዳጸዳው፣ ዛፉ ለምን እንደ ተከበረ አይናገርም። እንግዲህ መድኃኒቱ ካርታውን መጣል ሳይሆን፣ ካርታው የዘለለውን ከአገሩ ሽማግሌዎችና እናቶች አፍ እየሰሙ መሙላት ነው። ወረቀቱና ትዝታው ሲተራረሙ እውነቱ ይቀርባል።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ «ከተማው ዛሬ የጉድጓድ ውኃ በብዛት ስለሚጠቀም የግድቦቹ ተፋሰስ ያን ያህል አያሳስብም» የሚል ነው። በአቃቂና በሌሎችም ቦታዎች የተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ለአዲስ አበባ ከፍተኛ ድርሻ እንደሚያበረክቱ እውነት ነው። ነገር ግን የጉድጓድ ውኃም ከሰማይ የወረደና ወደ መሬት የሰረገ ዝናብ ነው። ጎርፉ በጠፋ ሣርና በተደመደመ መሬት ላይ እየተንደረደረ ካለፈ ወደ ታች የሚሰርገው ይቀንሳል። ከዚህም በላይ ውኃን ከጥልቅ ጉድጓድ ለመሳብ ብዙ የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ የጉድጓዱ መኖር ተፋሰሱን ለመርሳት ምክንያት አይሆንም፤ እንዲያውም የምንጠብቀው መሬት ይበልጥ ሰፊ መሆኑን ያስገነዝበናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በበኩሌ ሦስት ነገሮች ይደረጉ እላለሁ። አንደኛ፣ የገፈርሳን፣ የለገዳዲንና የድሬን ተፋሰሶች የሚያሳዩ የቀድሞ ካርታዎችና የአየር ፎቶግራፎች ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰብሰቡ፤ ከብልና ከእሳት ይጠበቁ፤ ቅጂያቸውም በየቤተ መጻሕፍቱና በየትምህርት ቤቱ ይሰቀል። የተደበቀ ካርታ ካልተሠራ ካርታ አይለይም። ሁለተኛ፣ በተፋሰሱ ውስጥ ካባ ለመክፈት፣ ፋብሪካ ለመትከልና ሠፈር ለመመሥረት ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የጅረቶቹና የረግረጎቹ የቀድሞ ቦታ በካርታ ይመርመር፤ ሕዝቡም ውጤቱን ይወቅ። ሦስተኛ፣ ከተማው ለውኃ ከሚያስከፍለው ገንዘብ የተወሰነ ድርሻ ወደ ተፋሰሱ ገበሬዎች ይመለስ። እርከን ለመሥራት፣ ቦረቦር ለመድፈን፣ በወንዝ ዳር ሣርና አገር በቀል ዛፍ ለመትከል ጉልበት ያስፈልጋል፤ ጉልበትም ዋጋ አለው። ለከተማው ውኃ ጠባቂ ሁን የምንለው ገበሬ፣ እርሱ ራሱ ከየት ይጠጣል? ልጆቹስ በምን ውኃ ይታጠባሉ? በተፋሰሱ ውስጥ ላሉት መንደሮች ንጹሕ ውኃ ሳያዳርሱ፣ «ዛፍ አትቁረጥ፣ ከብት አታሰማራ» ብቻ ማለት የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለውን ተረት በገዛ እጅ መፈጸም ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ እነዚህ ሥራዎች የመንግሥትና የሊቃውንት ብቻ መስለው ታይተዋችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ለእናንተም የሚሆን ሥራ አለ። የምትኖሩት በአዲስ አበባ ይሁን በጎንደር፣ በደሴ ይሁን በጅማ፣ ወይም በአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ፣ ውኃችሁ የሚመጣበት ተፋሰስ አለው። የአካባቢያችሁን ካርታ በትምህርት ቤታችሁ ፈልጉ፤ ካላገኛችሁም ወንዙን፣ ኮረብታውንና መንገዱን በእግራችሁ እየዞራችሁ ራሳችሁ ሣሉት። ከዚያም ዕድሜ ጠገብ ከሆኑ ሰዎች ዘንድ ሄዳችሁ በአክብሮት ጠይቁ። «አባቴ፣ ይህ ጅረት ስሙ ማን ይባላል? በልጅነትዎ ጊዜ በበጋ ይደርቅ ነበር ወይ? እናቴ፣ እርስዎ ውኃ ይቀዱ የነበረው ከየትኛው ምንጭ ነው? ምንጩስ ዛሬ የት ደረሰ?» በሉ። የሚነግሯችሁን ስም በካርታው ላይ ጻፉ፤ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱንም ከግርጌው አስፍሩ። ዛሬ የምትሥሉት ካርታ ከሃምሳ ዓመት በኋላ አሮጌ ካርታ ይባላል፤ ያን ጊዜ ውኃ የሚጠማው ሰው ያመሰግናችኋል።

ነገሩን ለማጠቃለል፣ ከተማ ያለ ውኃ፣ ውኃ ያለ ተፋሰስ፣ ተፋሰስም ያለ ጠባቂ አይኖርም። ጠባቂው ደግሞ የሚጠብቀውን መሬት ትናንት ምን እንደ ነበረ ካላወቀ ዛሬ የጎደለውን ለይቶ ማወቅ አይችልም። አሮጌው ካርታ በራሱ አንዲት ጠብታ ውኃ አያፈልቅም፤ አንድ ዛፍም አይተክልም። ነገር ግን ምን እንደ ነበረን፣ ምን እንዳጣንና ለማን ባለዕዳ እንደሆንን ያሳየናል። ስለዚህ ነገ ማለዳ ቧንቧውን ስትከፍቱ፣ ውኃው ፈሰሰም አልፈሰሰ፣ ዐሳባችሁን ለአንድ አፍታ ወደ ላይ፣ ወደ ማሳውና ወደ ተረተሩ ላኩት። እዚያ ዝናቡ በሚያርፍበት መሬት ላይ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። የእነርሱ ጉዳይ የእናንተም ጉዳይ መሆኑን ከተረዳችሁ፣ ይህን ጽሑፍ የጻፍሁበት ምክንያት ተፈጸመ ማለት ነው።